መብራቱን ማን ቀነሰው?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ኩዌት፣ ፋሐሂል ሰፈር የምሠራበት የውበት ሳሎን አዲስ መብራት አስገባ። ደንበኞቹ «መስታወቱ ፊት ስንቀመጥ ፊታችን ይጠቁራል» እያሉ ሲነዘንዟት የሳሎኑ ባለቤት ሰለቻትና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራች። ሰውዬው አምፖሎቹን ቀያይሮ ከመሰላሉ ሲወርድ ከኪሱ አንድ ጥቁር ዕቃ አወጣ፤ ስልክ የሚያህል፣ አናቱ ላይ የእንቁላል ግማሽ የመሰለ ነጭ ነገር ያለበት። እሱን እኔ ወዳለሁበት ዘርጋ ሲያደርገው የፀጉር ማድረቂያውን ጥዬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች በሳቅ ሞቱ። «ሰናይት፣ ምን ነካሽ? ሽጉጥ መሰለሽ እንዴ?»

«ከሽጉጥ ይብሳል!» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ጭራሽ ባሰባቸው።

አልፈርድባቸውም። ያ ዕቃ የብርሃን መለኪያ ነው። አንድ ቦታ ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያርፍ በሉክስ ለክቶ ቁጥሩን ይነግራል፤ ከዚያ ያለፈ ክፋት የለውም። እኔ ግን በኮሮናው ጊዜ በዚያ ዕቃ ሰበብ ሌባ ተብዬ ልባረር ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ልጅ ነኝ። እንዲህ ስል ልጆቹ «አሁንስ መቼ አረጀሽ?» ይሉኛል፤ የኩዌት ዓመት በእጥፍ እንደሚቆጠር ገና አልገባቸውም። ሳባህ አል-ሳሌም የሚባል ሰፈር፣ ማዳም ሂንድ ቤት እሠራ ነበር። ማዳም አስተማሪ ናት። ባሏ ለሥራ ውጭ እንደሄደ በረራ ተዘጋና እዚያው ቀረ፤ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ የነበርነው እሷ፣ አባቷና እኔ ብቻ ነን። አባቷን ባባ ነው የምላቸው። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። ሲያናድዱኝ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በዚያው በልቤ ወደ አንተ አወርዳቸውና ንዴቴ ሲበርድ መልሼ አወጣቸዋለሁ።

ባባ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የመንገድ መብራት መሐንዲስ ነበሩ። ከሰገነታችን ላይ ወደ ፋሐሂል የሚወስደው ትልቁ መንገድ ይታያል። ልብስ ላሰጣ ስወጣ አንዳንዴ ተከትለውኝ ይመጡና ምሰሶዎቹን በጣታቸው እያሳዩ «እያንዳንዱ ሥር ቆሜ ለክቻለሁ» ይሉኛል። ቤታቸውንም ያበሩት እንደ መንገዱ ነው። ለመተላለፊያው መቶ ሉክስ፣ ለኩሽናው ሦስት መቶ፣ እሳቸው ቁርዓናቸውንና ጋዜጣቸውን ለሚያነቡበት ወንበር አምስት መቶ። አምፖሎቹን አንድ በአንድ መርጠው የሰቀሏቸው ራሳቸው ናቸው። እኔ ያደግኩበት አገር መብራት ወይ ይመጣል ወይ ይሄዳል፤ ልክ እንዳለው የሰማሁት ከሳቸው ነው።

ኮሮናው መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ያ የፋሐሂል መንገድ፣ ሌት ተቀን መኪና የሚያጓራበት፣ ጭር ብሎ ጦዙ ብቻ ይነዳበት ጀመር። ጦዝ እዚህ የአሸዋውን አቧራ የሚሉት ነው። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ዳቦውን ሳይቀር ላስቲኩን አጥበን ነበር የምናስገባው። ጀምዒያ፣ ማለት የሰፈሩ ትልቁ ሱቅ፣ በቀጠሮ ሆነ። በሩ ላይ አንዱ ግንባርሽ ላይ ሙቀት መለኪያ ይደግናል፤ ከፍ ካለ አለቀልሽ፣ አምቡላንስ ነው። በየቤቱ ደግሞ ወሬው ስለ እኛ ነው፤ በሽታውን የምታስገባው ሠራተኛዋ ናት ይባላል። እኔ ሲያስነጥሰኝ አፌን ትራስ ውስጥ ቀብሬ ነበር የማስነጥሰው።

ረመዳን ሊገባ ሲል ቤቱ ከጣሪያ እስከ ወለል ይታጠባል። መጋረጃው ይወርዳል፣ ምንጣፉ ይወጣል። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ አምፖሎቹን ሁሉ ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አስገባሁ። ጎበዝ ያሰኘኛል ብዬ ነበር። ኧረ ምን በወጣኝ!

ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ኩሽና ውስጥ ሩዝ ስለቅም ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ባባ ናቸው፤ ያንን ነጭ እንቁላል ያለበትን ዕቃ ጭንቅላቴ አጠገብ ይዘው ቆመዋል። አንዴ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል፣ አንዴ ያርቁታል፣ አንዴ ያጋድሉታል። ከዚያ ወጡ። ጠዋት አስነጥሶኝ ነበርና ሙቀቴን ለኩኝ ብዬ ደመደምኩ። ግንባሬን በእጄ ዳሰስኩት፤ በፍርሃት ነው መሰለኝ እውነትም ያተኩሰኝ ጀመር።

በማግስቱ ዕቃውን መተላለፊያው ላይ፣ ከዚያ መኝታ ክፍሌ በር ላይ ይዘው አየኋቸው። እዚህ ጋ ሙቀት የሚለው ሐሳቤ ተናጋ፤ ግድግዳ ምን ሙቀት አለው? ሰገነት ላይ ለአልማዝ ነገርኳት። አልማዝ የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ከእኔ ቀድማ የመጣች፣ ሰው የምታምነው በመቃብሩ ላይ ነው። በግድግዳው ማዶ ሆና ብርድ ልብስ እያራገፈች ሰማችኝና ሳቀች።

«አንቺ ሞኝ! ካሜራ ነዋ! የኔዋ ማዳም በግድግዳ ሰዓት ውስጥ አስቀምጣ አልነበር?»

«ባባ እንዲህ አይነት ሰው አይደሉም እኮ።»

«ሁሉም እስኪሆን ድረስ አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እህቴ። ልብስሽን ጨለማ ውስጥ ቀይሪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሴን መታጠቢያ ቤት፣ መብራት አጥፍቼ መቀየር ጀመርኩ። ባባን በልቤ ወደ አንተ አወረድኳቸው፤ ለረጅም ጊዜም እዚያው አቆየኋቸው። እሳቸው እኔን ይከታተላሉ፣ እኔ እሳቸውን እከታተላለሁ። ሻይ ሳቀርብ ከመውሰዳቸው በፊት እጃቸው ሳህኑ ዙሪያ ይንከራተታል፤ እጄን ሊነኩ ፈልገው ነው እላለሁ። ስገባ ፊታቸውን ከፍ አድርገው፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ ረጅም ሰዓት ያዩኛል፤ ምኔን ነው የሚያዩት እላለሁ። በግድግዳው ጥግ ጥግ እየተደገፉ ይመጣሉ፤ ኮቴያቸውን ሊደብቁኝ ነው እላለሁ። እንዲህ ነው ጥርጣሬ፤ የሰጡትን ሁሉ ይበላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማዳም ሂንድ በኮምፒውተር ማስተማሯን ጨርሳ ጠራችኝ። አልጮኸችም። ሲጮኹ እኮ ይሻላል።

«ሰናይት፣ አምፖሎቹን ስትጠርጊ ቀየርሻቸው?»

«ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ እነዚያኑ መለስኳቸው ማዳም።»

«ባባ ቤቱ ጨለመ ይላል። ደህና ደህናዎቹን ወስደሽ ርካሽ አስገብተሻል ይላል። በጓሮ በር ለባቃላው ልጅ ሰጥተሻቸዋል ይላል።»

ባቃላ የመንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ናት፤ ልጁ ውኃና ዳቦ የሚያመላልስልን ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ማርያምን! አምፖል ምን ያደርግልኛል? አንቺስ ጨልሞብሻል?»

ማዳም ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። «ለኔ ያው ነው። ግን አባቴ በመብራት ተሳስቶ አያውቅም። በመሣሪያው ለክቷል፤ ወርዷል ይላል።»

ለካ ያ ዕቃ የብርሃን መለኪያ ኖሯል! ካሜራ አለመሆኑን ሳውቅ እፎይ ልል ነበር፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ካሜራ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ካሜራ ቢሆን አለመስረቄን ያሳይልኝ ነበራ። ይሄኛው ምስክር ሆኖ የቆመው በኔ ላይ ነው፤ ቁጥር ደግሞ በማርያም አይማልም፣ በቃ ይታመናል። ማዳም፣ ከዒድ በኋላ ቢሮው ሲከፈት ወደ መክተብ እመልስሻለሁ አለች። መክተብ ያስመጣን ድርጅት ነው። በስርቆት የተመለሰች ልጅን የሚቀበል ቤት የለም፤ አገሬ እንዳልሄድ አውሮፕላን የለም። እናቴ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ትላለች። የኔ እውነት ግን የሚጠራበት ጊዜ አልነበረውም፤ ዒድ ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሥራዬን ስሠራ ከራሴ ጋር እጣላ ነበር። ማታ ጾሙ ሲፈታ፣ አፍጥር ላይ፣ መጅቡስ የሚሉትን ሩዝ፣ ሳምቡሳውን፣ ላበን የሚሉትን እርጎ ደርድሬ እመለሳለሁ፤ እኔ የበላሁት ግን ምን እንደሆነ አላውቅም። ሙቀቱም ጀምሮ ነበር፤ ሰገነት ላይ የሰጣሁት ልብስ ሳልወርድ ይደርቅ ነበር።

ማዳም ክፍሏ ገብታ ስታስተምር በነበረበት አንድ ረፋድ ባባ ኩሽና በር ላይ ቆሙ። መሣሪያውን ይዘዋል።

«ሻማሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

«ምን ሻማ?»

«ክፍልሽ ውስጥ የምታበሪውን። አፍንጫዬ ገና ደህና ነው።»

በስመ አብ! ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ወዲህ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከልብሴ ሥር፣ ነጭ ሻማ ደብቄ በማርያም ሥዕል ፊት ጥቂት ጥቂት አበራ ነበር። እሳት ያስነሣል ተብሎ ክልክል ነው። ይሄ ደግሞ ተጨመረ አልኩ። ሻማውን አምጥቼ ስመለስ ወደ ዕቃ ቤቱ እየመሩኝ ገቡ፤ ሩዝና ዘይት የሚቀመጥበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። «በሩን ዝጊው» አሉኝ።

አልዘጋሁትም። እግሬን መድረኩ ላይ ተክዬ፣ እጄን የሩዝ ማማሰያ የተሰቀለበት ላይ አድርጌ ቆምኩ። የአልማዝ ምክር ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። ባባ ነገሩ የገባቸው መሰለኝ። ቁልፉን ከበሩ ነቅለው ዘረጉልኝ፤ «ይሄው፣ አንቺ ያዢው። ጨለማ ካልሆነ ሻማው በትክክል አይለካም» አሉ። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ በሩን ገፋ አደረግኩት።

ሻማውን ሩዙ ጆንያ አጠገብ ያለው በርሜል ላይ አቆምኩ። ባባ የወለሉን ንጣፍ በእግራቸው ጫፍ እየዳሰሱ ቆጠሩ፤ ሁለት ንጣፍ አንድ ሜትር ነው። እዚያ ላይ ሆነው መሣሪያውን እኔ እጅ ላይ አደረጉ። «ነጩን ወደ ሻማው አዙሪው። አንቺ ከጀርባው ሁኚ፤ ነጭ ልብስ ብርሃን ይመልሳል፣ ያሳስታል። ስንት ይላል?»

እኔን ለምን ይጠይቁኛል? ራሳቸው አያነቡትም? ወጥመድ ነው አልኩ። ቁጥሩን አየሁት። አንድ ይላል። አንድ! ስለ ሦስት መቶና ስለ አምስት መቶ ሲወራ ከርሞ አንድ! ልቤ «መቶ በይ» አለኝ። ትልቅ ቁጥር ያድነኛል፣ ትንሽ ቁጥር ያስረኛል፤ በሒሳብ ደካማ ብሆንም ይሄ አይጠፋኝም። አፌን ከፈትኩ። ግን ያ ሻማ የስለት ሻማዬ ነበር። እሱ እየበራ ፊቱ ቆሞ መዋሸት አልሆነልኝም።

«አንድ ነው የሚለው፣ ባባ» አልኩ፤ እንባዬም አብሮ መጣ።

ባባ ግድግዳውን ተደገፉ። ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። «አንድ ሻማ፣ ከአንድ ሜትር፣ አንድ ሉክስ» አሉ። «ሻማ ነው መጀመሪያ የተለካበት። መሣሪያው ደህና ነው። አንቺም አልዋሸሽም። ብትዋሺ ኖሮ ትልቅ ቁጥር ትነግሪኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ ወንበራቸው ሄድን፤ መጋረጃውን ዘጋሁ፤ ከበላያቸው ያለውን መብራት አበራሁ። መሣሪያውን ጋዜጣው በሚዘረጋበት ከፍታ ላይ ያዝኩት። «አምስት መቶ አሥራ አንድ» ብዬ አነበብኩ።

እሳቸው ሲሰቅሉት የወሰኑት አምስት መቶ ሙሉ ነው፤ አልቀነሰም፤ ማንም አልወሰደውም። ባባ ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ። ፈልገው ነው ያልኩት፤ ፊታቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ነበር የፈለጉት። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሻይ ሳቀርብ የሚንከራተተው እጅ፣ የማይሰበረው ዓይን፣ የግድግዳው ጥግ። መብራቱ አይደለም የጨለመው። ቁጥሩን ማንበብ ስላቃታቸው ነው «ለክቻለሁ፣ ወርዷል» ያሉት። ሴት ልጃቸውን «አንብቢልኝ» እንዳይሉ ታውቅባቸዋለች፤ እኔ ግን ሂያጅ ነኝ፣ ብናገርስ የሌባን ቃል ማን ይሰማል? ያኔ የታየኝ እንደዚህ ነው፤ አሁንም ቢሆን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

«ለሂንድ አትንገሪያት» አሉ። «መኪናውን ትወስድብኛለች። ሆስፒታል ትወስደኛለች። በዚህ ጊዜ ሆስፒታል የገባ ሽማግሌ በእግሩ አይወጣም።»

«እሺ ባባ። ስሜስ?»

እጃቸውን ዘርግተው መሣሪያውን ተቀበሉኝና ኪሳቸው ከተቱት።

በነጋታው አፍጥር ላይ ማዳም ስልኳን እያየች «መክተቡን አገኘሁት፤ ከዒዱ በኋላ አምጪያት ብለዋል» አለች። ትሪውን ይዤ ባባን አየኋቸው። ተምራቸውን ያኝካሉ። ሾርባቸውን ያማስላሉ። እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። ኩሽና ገብቼ ውኃውን ከፍቼ ሳልደብቅ፣ ሳልሸሽግ አለቀስኩ። ልወጣና በማዳም ፊት «አያዩም! አባትሽ አያዩም!» ብዬ ልጮኽ በሩ ላይ ደረስኩ።

ባባ ተነሥተው ነበር። ከረጅሙ ቀሚሳቸው፣ ከዲሽዳሻው ኪስ የመኪናውን ቁልፍ አወጡ።

«ሂንድ» አሉ፤ «መብራቱ ደህና ነው።»

ማዳም በዚያ መሃል ውኃ ልትቀዳ ከወንበሯ ተነሥታ በሌላው ጫፍ ቆማለች። «ምን አልክ?»

«መብራቱ ደህና ነው። ልጅቷ ምንም አልወሰደችም። እንኪ» ብለው ቁልፉን ዘረጉ። እጃቸው የተዘረጋው ግን ወደ ባዶው ወንበር ነበር። ማዳም ወንበሩን አየች፣ እጃቸውን አየች፤ ብርጭቆውን አስቀመጠችና «ያባ፣ አባቴ» አለች። ዞራ መጥታ ቁልፉን ከእጃቸው ተቀበለች። እኔም የልቤን ንዴት የት እንዳደርገው ጠፋኝ።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ብዙ ይተርፍ ነበር አለን። የአምፖል ሌባ ስንፈልግ ስንት ሳምንት አለፈ! ጠብታውን ጠዋትና ማታ የማደርግላቸው እኔ ነበርኩ፤ ከኔ በቀር ማንንም ዓይናቸውን አያስነኩም። ማዳም ይቅርታ አልጠየቀችኝም። መክተብ የሚለውን ቃል ግን ዳግም አላነሣችም፤ ኮንትራቴ ሲያልቅም ኢቃማዬን፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ራሷ ሮጣ ወደ ሳሎኑ አዛወረችልኝ። በእሷ ቤት ይቅርታ ማለት ይኼ ነው መሰለኝ።

አሁን ባባ ጭራሽ አያዩም። ዓርብ ዓርብ ሥራ ሲቀለኝ አውቶቡስ ይዤ እሄድና ግቢው ውስጥ፣ ጥላው ሥር አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ ስለ ፋሐሂል ገበያ፣ ስለ ዓሣው ዋጋ እነግራቸዋለሁ። ካልተጠራጠርኩ ምግብ አይፈጭልኝም፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ለአልማዝ ስነግራት «እንኳንም» ትለኛለች። እኔ ግን ሌላውን መጠርጠር አይደለም የሚከብደኝ። አንዴ የተጠረጠረ ሰው፣ ንጹሕ ነህ ከተባለም በኋላ፣ ራሱን ሲፈትሽ ይኖራል።

ባለፈው ዓርብ ስወጣ ማዳም ሂንድ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እንደ ልማዴ፣ የቦርሳዬን ዚፕ እስከ ታች ከፈትኩና ውስጡ እንዲታያት ወደ እሷ አጋደልኩት። ከዚያ ቤት በወጣሁ ቁጥር እንዲሁ ነው የማደርገው፤ እሷም ሁልጊዜ ፊቷን ታዞራለች፤ ተይ ግን ብላኝ አታውቅም።

ባባ ከተቀመጡበት ሆነው የዚፑን ድምፅ ሰሙ።

«ሰናይት» አሉኝ፤ «ቦርሳሽን ዝጊ፣ ልጄ።»